ከበር ውጭ የሚያድር ቦርሳ

ቤቱ መግቢያ የለውም። በሩን የከፈተ ሰው በቀጥታ የሚገባው መኝታ ላይ ነው፤ በስተግራ የባልና የሚስቱ አልጋ፣ በስተቀኝ የልጆቹ ተደራራቢ አልጋ፣ መሀል ላይ መብልም ጥናትም ጠብም የሚካሄድበት ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ። ሌላ ሰው ቤት ጫማ የሚወለቅበት፣ ጃንጥላ የሚንጠባጠብበት፣ ልጅ ቦርሳውን ወርውሮ የሚያልፍበት ጠባብ ክፍል አለ ይባላል። እዚህ ቤት ግን የደረጃው ጭቃ፣ የመንገዱ አቧራና የአውቶቡሱ እንትን አንድ እርምጃ ከተራመዱ ትራስ ላይ ናቸው።

«እንትን» የተባለው ለጨዋነት ነው። የቤቱ እመቤት ይሉኝታ ስለሌላት በስሙ ነው የምትጠራው።

ሥራዋ አውቶቡስ ማጠብ ነው። አውቶቡስ አጣቢ ሲባል ሰው የሚታየው በጎማ ውሃ እየረጨ የሚያፏጭ ሠራተኛ ነው። ውጩን እንኳ የሚያጥበው ማሽን ነው፤ ትልልቅ ብሩሾች እየተሽከረከሩ ጎንና ጎኑን ይፈትጉታል፣ አለቀ። ለሷ የተረፈላት ውስጡ ነው። ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ አድርሰው የተመለሱት አውቶቡሶች ዴፖው ግቢ ውስጥ ይደረደራሉ፣ እሷም መፋቂያዋንና ባልዲዋን ይዛ ከኋላው ወንበር ጀምራ ወደ ሾፌሩ ትመጣለች። ተሳፋሪው ከላይ ተቀምጦ በመስኮት ሰማይ ያያል። ከሥሩ ግን የተተፋ ማስቲካ አለ፣ የተቆረጠ ጥፍር አለ፣ የተጠቀለለ የሕፃን ዳይፐር አለ፣ አንዳንዴም ቁርሱን ሙሉውን መልሶ እንዳላየ ወርዶ የሄደ ሰው ስጦታ አለ። የሰው ልጅ ማንም አያየኝም ሲል ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የፈለገ፣ የኋላው ወንበር ሥር አጎንብሶ ይይ። ከዚያ በኋላ ሰው መጨበጥ ቢያስጠላው አይፈረድበትም።

በረኪና የማይለያት ስለሆነች ዴፖው ውስጥ ስሟ ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁሉም «በረኪና» ነው የሚላት። እሷም አቤት ትላለች።

ታዲያ ይቺ ሴት ልጆቿ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት በዚያው አውቶቡስ መሆኑን ታውቃለች። ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳቸውን የት እንደሚያስቀምጡም ታውቃለች። ወለሉ ላይ ነው፣ እግራቸው መሀል፣ ልክ እሷ የምትፍቀው ቦታ ላይ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የትንሹ ልጇ ቦርሳ ትራሷ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። አነሳችው። ከቦርሳው ቂጥ ላይ ፀጉር የተጣበቀበት ማስቲካ ተንጠለጠለ፤ ማስቲካው ትራሷን አለቅም ብሎ እንደ ክር ተሳበ። ፀጉሩ ረጅምና ሽበት የተቀላቀለበት ነበር። እቤት ውስጥ ሽበት ያለው ሰው የለም።

ያን ቀን አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ታጠበ። ፍራሹ ደረጃውን ወርዶ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ትንሹ ልጅ ገላውን ሁለቴ ታጥቦ አልቅሶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ የቦርሳው ነገር የቤቱ ዋና ጉዳይ ሆነ። መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ይቀመጥ ተባለ፤ በሩ አልከፈት አለ። ጠረጴዛው ሥር ይግባ ተባለ፤ እራት ሲበላ እግር ሁሉ የሚያርፈው ቦርሳ ላይ ሆነና እሷ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቅላ መብላት ጀመረች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፣ ሳቂታና ነገር የማያከብድ ሰው። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ራሱ ያለሰለሰው ግድግዳ ላይ ቡናማ የጭቃ ጅራት ወረደበት።

«የሰው ግድግዳ ቀብቼ ስመለስ የራሴ ግድግዳ ያለቅሳል» አለ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ።

«ቦርሳ እቤቴ አይገባም» አለች እሷ። «ከዛሬ ጀምሮ አይገባም። ደብተርና ምሳ ዕቃ በሩ ላይ ይወጣል፣ ይወለወላል፣ ይገባል። ቦርሳው እዛው ውጭ ያድራል።»

«ቦርሳው ምን አጠፋ? ታጥቦ ቢገባስ?»

እንደ ልብስ ዘፍዝፋ፣ በበረኪና ፈትጋ አጠበችው። ቀለሙ ለቆ ደመና መሰለ። ደረቀና እቤት አገባችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አየችው። ንጹሕ እንደሆነ ታውቃለች፣ ያጠበችው ራሷ ናት። ግን ዓይኗ ማስቲካው ተጣብቆበት ከነበረው ቦታ አልነሳ አለ። ተነሳችና በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መልሳ አወጣችው። ባሏ እስኪያስለው ሳቀ፤ እሷን ግን አላሳቃትም።

ዴፖው ውስጥ ያረጀ አውቶቡስ ሲፈታ፣ ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚይዘውን የብረት ዘንግ ከነማንጠልጠያው ለመነችና ተሰጣት። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ከበራቸው ጎን አሰረው። ልጆቹ ወደዱት፤ ቦርሳቸውን በሰቀሉ ቁጥር ትንሹ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ኮሪደሩን የሚጋራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከፊት ለፊት የምትኖረው ጡረተኛ አዋላጅ፤ ለሁሉም «እትዬ» ናት። ዘንጉን አይታ «ሕንፃው ሊንቀሳቀስ ነው እንዴ?» አለች።

ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ ልጅ እንዲያከብረው ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ትንሹ ይረሳል፣ ሲርበው ከነቦርሳው ዘሎ ይገባል። እናትዮዋም ማስፈራራት ይሻላል ብላ ወሰነች። ማታ ማታ እራት ላይ የቀኑን ታወራላቸው ጀመር።

«ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሁ መሰላችሁ» ትላለች፣ ወጡን እያወጣች። «አንዱ ወንበር ሥር ፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። ዕቃ የረሳ ሰው አለ ብዬ አነሳሁት። ሞቅ ይላል።»

«እማዬ! ምንድነው?» ይላል ትንሹ፣ ዓይኑ በርቶ።

«ትውከት ነዋ! ቀዳዳ አለው ለካ፣ በክንዴ ወረደ። እናንተ ደግሞ እዛ ላይ ያዋላችሁትን ቦርሳ አልጋዬ ላይ ትጥላላችሁ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እየበላን ነው እኮ» ይላል ባሏ።

«ብሉ! እኔ እየዛቅሁት አልሞትኩም፣ እናንተ ብትሰሙት ትሞታላችሁ?»

ወሬው እያማረበት ሄደ። ሴትየዋ ተራኪ መሆኗን እስከዚያ አታውቅም ነበር። የዴፖው ወለል ፍሳሽ ማስወገጃ የተደፈነ ቀን የነገረቻቸውን ደግሞ ማንም አይረሳውም። ጓንቷ ተቀዶ ነበር፣ ሌላ ጓንት ደግሞ አልተገኘም። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። «በዚህ እጄ ገባሁበት። እስከዚህ ድረስ!» ክርኗን አሳየቻቸው። ጣቶቿን ዘርግታ እያንቀሳቀሰች፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ምን ምን እንደነካች፣ የቱ እንደሚያሟልጭ፣ የቱ ፀጉር እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ምን እንደሆነ እስካሁንም እንዳላወቀች በየጣቱ አስረዳች። ከዚያ በዚያው እጇ ዳቦ ቆርሳ ለሁሉም አደለች።

ትንሹ «ድገሚልኝ» አለ። ትልቋ ልጅ ማንኪያዋን ቀስ አድርጋ ሳህኑ ጎን አስቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ናት፣ ከእናቷ ጋር ግን አንድ ነፍስ ናቸው። እናቷ ማንኪያው ሲቀመጥ አይታለች። ገባት፣ አለች በልቧ፤ ይቺስ ልጅ ተምራለች።

እውነትም ተምራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልቋ ቦርሳዋን አንድም ቀን ከበር አላሳለፈችም። ደብተሮቿን ታቅፋ፣ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትገባለች። ወንድሟ ሲረሳ «ወደ ውጭ!» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ምሳ ዕቃዋ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ አንድ ፍሬ ሩዝ አይገኝበትም። እናቷ ባዶውን ዕቃ እያጠበች ደስ ይላታል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የሠራችው ነገር ተበልቶ ሲመለስ ከማየት የበለጠ የሚያስደስታት ነገር የለም።

ታዲያ ልጅቷ ለምን ከሳች?

መጀመሪያ ቁመት እየሳበች ነው ተባለ። በኋላ የደንብ ልብሷ ቀሚስ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ካልተያዘ መውረድ ጀመረ። ጉንጯ ጎደለ፣ አንገቷ ቀጠነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ወድቃለች። እናቷ በሥራ ቦት ጫማዋ በረረች። ክሊኒኩ ደም መረመረ፣ ደም ማነስ ነው አለ፣ ሽሮፕ አዘዘ። ሐኪሙ «በደንብ አብሏት» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። አፏን ሞልታ ልትመልስለት ፈለገች። በደንብ አብሏት! ከዚህ በላይ ምን ታብላት? ግን የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ልጅቷ እጇን ለመያዣ ሰጥታት ነበር፣ ደረጃው ላይ ግን ካልሲዋን ልታስተካክል ብላ አስለቀቀቻትና መልሳ አልሰጠቻትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሴትየዋ እንቅልፍም ሰላምም አጣች። ምሳው ላይ እንቁላል ተጨመረ። መኮሮኒው በካሮት፣ ሩዙ በምስር፣ ድንቹ በቅቤ ሆነ። ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፣ ልጅቷ ትከሳለች። እራት ላይ «ምሳ ብዙ ስለበላሁ ጠግቤያለሁ» ትላለችና ሙዝ ልጣ ትበላለች። የተቀቀለ እንቁላል ካለ ራሷ ቅርፊቱን ልጣ ትበላለች። አባቷ በቀለም የተለወሰ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከሱቅ የመጣ ዳቦ ሲቆርስላት ትበላለች። እናቷ «አንተ ሰው፣ ታጥበህ ስጣት እንጂ!» ብላ ትጮኽበታለች። ይህን ሁሉ በዓይኗ እያየች ምንም አልታያትም። ማታ ልጇ ስትተኛ በብርድ ልብሱ ላይ የዳሌዋን አጥንት ታያለች። ይቺ ልጅ ከእጄ ልትወጣ ነው፣ ትላለች።

በዚህ መሀል ነው ሽታው የመጣው።

ኮሪደሩ ላይ ነበር። መጀመሪያ እንደ ኮመጠጠ ወተት ዓይነት፣ ቀጥሎ ከረፋ፣ ቀጥሎ ገማ። ጡረተኛዋ አዋላጅ መሀረብ አፍንጫዋ ላይ ይዛ በር አንኳኳች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ የሞተ ነገር አለ።»

«ይሸተኛል እትዬ። እኔ ደግሞ የእርስዎ ድመት አንድ ነገር ጎትታ ያመጣች መስሎኝ።»

«የኔ ድመት? የኔ ድመት ከአንዳንድ ሰው ትሻላለች። እነዚያን ጫማዎችሽን ብታዪ አይሻልም?»

«የኔ ጫማ ነው የሚሸተው? የኔ? በበረኪና የሚታጠበው?»

ተኳረፉ። ከዚያም ሁለቱም እልህ ይዟቸው፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ አፍንጫቸውን ወደ ፊት ቀስረው ደረጃውን ሲያሸቱ ያያቸው የሕንፃው ጥበቃ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እናትዮዋ ኮሪደሩን በበረኪና አጠበች። ሽታው ከበረኪናው ጋር ተጋባና ሦስተኛ፣ የባሰ ሽታ ወለዱ። ባሏ አይጥ ነው ብሎ የመብራት ሳጥኑን ፈታ። ምንም የለም። «ቀለም ልቀባው?» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም።

አንድ ነገር ግን አለ። ይቺ ሴት ሽታ የምትከተለው አፍንጫዋን አምና ነው፣ ግን አፍንጫዋ ወደ ዘንጉ በወሰዳት ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ቦርሳዎቹን መንካት ይቀፋታል። ከውጭ ያድራሉ ካለች ወዲህ ከፍታቸው አታውቅም፤ ያወጣችው ደንብ እሷንም ይገዛታል። ቦርሳ ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻ ደግሞ ይሸታል፣ ስለዚህ እዚያ አካባቢ የሚሸተው ምን ይገርማል?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሥራ ስትመለስ አዋላጇ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አልተቆጣችም። በጃንጥላዋ ጫፍ ወደ ዘንጉ ጠቆመች።

«ከዚህ ነው። ከትልቋ ቦርሳ። ተመልከቺ፣ ይንጠባጠባል።»

«የኔ ልጅ ንጹሕ ናት እትዬ።»

«እሷ ንጹሕ ናት፣ የሚሸተው ቦርሳው ነው።»

ጓንት አጠለቀች። ቦርሳውን አወረደችው፤ ከበደ። ደብተር የሌለበት ቦርሳ ለምን ይከብዳል? የላይኛውን ዚፕ ከፈተች፣ እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነው። የታችኛው ኪስ ዚፕ አልንቀሳቀስ አለ፤ አንድ ቡናማ ነገር ጥርሱ ላይ ደርቆበታል። ጎተተችው።

ፌስታሎች ነበሩ። በጥንቃቄ የተቋጠሩ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ፌስታሎች። አንዳንዶቹ ተነፍተዋል። አንዱ ፈንድቶ ሌሎቹን ለውሷቸዋል። መኮሮኒው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል፤ ካሮቱ ግን አሁንም ካሮት መሆኑ ይለያል። እንቁላሉ ጠቁሮ ፈሷል። ሩዙ ይንቀሳቀሳል። ሩዝ እንደማይንቀሳቀስ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ነጫጭ ትሎች ምስሩ ውስጥ እየገቡ እየወጡ፣ እሷ በጠዋት ተነስታ ለልጇ የሠራችውን እየበሉ ነበር።

በስንት ዓመት ሥራዋ አቅለሽልሿት አያውቅም። የሰው ትውከት ዝቅ ብላ አፍሳ፣ ቀና ብላ ሻይዋን የምትጠጣ ሴት ናት። የገዛ ምግቧን ስታይ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ ባሏ የቀባውን ግድግዳ ተደግፋ፣ ኮሪደሩን ያጠበችበት ባልዲ ውስጥ አስመለሰች። አዋላጇ ገብታ ውሃ አመጣችላት። ጠላቴ ብላ ያኮረፈቻት ሴት ጀርባዋን ስታሽላት ይባስ ሆዷ ባባ።

ልጅቷ ከሱቅ ዳቦ ገዝታ ደረጃውን እየወጣች ነበር። ቦርሳዋ ተከፍቶ ስታየው እግሯ እዚያው ቀረ። አዋላጇ ነገሩ ገባትና ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

«ውሻው ስለጠፋ ነው» አለች ልጅቷ።

«የቱ ውሻ?»

«ፌርማታው ጋ የሚተኛው። ለሱ ነበር የምሰጠው። ከዚያ ጠፋ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት።»

«ምሳሽን? ለውሻ?» የእናትዮዋ ድምፅ ራሷን አስደነገጣት፤ ደረጃውን ሁሉ ሞላው። «እኔ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ አንቺ በየሐኪሙ እየተጎተትሽ፣ ለውሻ? ለምን? ልጆች ይስቁብሻል? አይጣፍጥም?»

ልጅቷ ዳቦውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ንገሪኝ አልኩ!»

«ትቆጫለሽ።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ልቆጣ?» ከዚያ የልጅቷን አንገት አየችው፣ ቀጭኑን። ድምፅዋ ወረደ። «አልቆጣም። ንገሪኝ የኔ ልጅ።»

«እጅሽ ነው» አለች ልጅቷ። ቀስ ብላ፣ እግሯን እያየች ነው ያለችው። «ስትቆርሺ፣ ስታማስዪ፣ ያወራሽልን ሁሉ ይታየኛል። ያ ጉድጓድ። እንደምትታጠቢ አውቃለሁ እማዬ። በበረኪና ስትታጠቢ ቆሜ አይቻለሁ፣ ቆዳሽ እስኪላጥ። ንጹሕ ነው። ግን አፌ አይቀበለውም። ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ያስመልሰኛል።»

«ታዲያ ለምን አልጣልሽውም? ቆሻሻ መጣያ የለም ትምህርት ቤት?»

ልጅቷ ቀና አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእናቷ የጠበቀች አትመስልም።

«አንቺ ተነስተሽ የሠራሽውን? እንዴት አድርጌ እጥለዋለሁ?»

መጀመሪያ የመጣላት ንዴት ነው፤ ቅዱስ አይደለችም። በዚህ እጅ አይደል ወይ ያደግሽው፣ በዚህ እጅ አይደል ወይ የምትለብሺው፣ የምትማሪው፣ የሚለው ሁሉ አፏ ላይ ተደርድሮ ነበር። እውነት ነው ሁሉም። ትለው ነበር፣ ያ ደመና የመሰለ ቦርሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባይታያት። በገዛ እጇ ፈትጋ ያጠበችው፣ ንጹሕነቱን ከማንም በላይ የምታውቀው፣ ግን እቤቷ ማሳደር ያቃታት። ታጥቦም መቅፈፍ ምን እንደሆነ እሷን ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መርምሮ ከራሱ ላይ የሚያወርደው ነገር አይደለም። ልጇ ውስጥ ማን እንደከተተው ደግሞ ታውቃለች፤ በየማታው፣ በማንኪያ በማንኪያ።

አፈረች። ተጸየፈች፤ ትሉን አይደለም፣ ምላሷን። በጣም የተጸየፈችው እራት ላይ እንዴት ያስቃት እንደነበር ትዝ ሲላት ነው።

«ዳቦውን አስገቢ» አለቻት። «ወንድምሽ ራበኝ ይላል አሁን።»

ቦርሳውን ከነፌስታሎቹ ጠቅልላ ወርዳ ጣለችው፤ ደብተር ባልያዘ ቦርሳ ማንም አላዘነም። ለባሏ የነገረችው ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ነው። ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን አየና ዘጋው። «ለምን እኔ አልሠራላትም?» አለ። ሩዝ ሲቀቅል ድስት የሚያሳርር ሰው ነው።

«አይሆንም» አለች። «ራሷ ትሠራለች።»

እሑድ ቀን መጋረጃው ተሰበሰበ። ልጅቷ ከምድጃው ፊት ቆመች፤ እናቷ ከጠረጴዛው ወዲህ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ መስመር አላለፈችም።

«ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጊው። ቢላውን እንደዚያ አትያዢ፣ ጣትሽን እጠፊ። እጠፊ እንጂ! አዎ። ዘይት አሁን። እሳቱን ቀንሺ፣ እያረረ ነው። አማስዪ። ከሥር፣ ከሥር።»

ሽንኩርቱ በአንድ ጎን ጠቆረ። እናትዮዋ ተነስታ ማማሰያውን ልትቀማት ፈለገች፣ ከወንበሩ ብድግ አለች። መልሳ ተቀመጠች። ክዳኑ ሲንሸራተትና ወለሉ ላይ ሲወድቅ ጎንበስ አላለችም። ልጅቷ ራሷ አነሳችው፣ አጠበችው፣ መልሳ ከደነችው። ትንሹ ልጅ ግራ ገብቶት ሁለቱን እያፈራረቀ ያያቸዋል።

«እማዬ፣ አሞሻል?» አለ።

«ደክሞኝ ነው። ዝም ብለህ ጠብቅ።»

የሠራችው ሩዝ ትንሽ ረጥቧል፣ ከሥር ይዟል፣ ጨው በዝቶበታል። ልጅቷ ለራሷ አወጣችና ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች። ሁለተኛውን ጎረሰች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ቀና ሳትል፣ ከንፈሯ በዘይት እያበራ፣ የተራበ ሰው እንደሚበላ በላች። ጨረሰችና ተነስታ ደገመች። እናቷ ልጇ ስትበላ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ደስ አላት፣ ከልቧ ደስ አላት፤ እዚያው ላይ ደግሞ ሰው ፊት እንደተሰደበች ያህል ፊቷ ጋለ።

«ነገም እኔ ነኝ የምሠራው?» አለች ልጅቷ፣ ሳህኑን እየጠረገች።

«አንቺ ነሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪረሳሽ ድረስ።»

ልጅቷ አሰበች። አንዴ እውነቱን ከተናገረች ወዲህ ዋሽታ ደስ ልታሰኛት አትችልም፤ በዚያም እናቷን ነው የወጣችው።

«ባይረሳኝስ?»

እናትዮዋ በበረኪና የተላጡ ጣቶቿን ብብቷ ሥር ከተተች።

«እንግዲያው ጨው መቀነስ ልመጂ» አለቻት። «ወንድምሽም ሊበላው ነው።»